የሰኔ ጾም ቅቤና የእንግሊዝኛ ዳቦ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ አልሰማ አለኝና ሞጣ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት የሞባይል ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ልጅ ስልኩን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ጀርባውን ከፈተችና እፍ አለችበት። «ይሠራል ወይስ አዲስ ልግዛ?» ብላት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ኧረ ፒስ ኦፍ ኬክ ነው እማማ!» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ያልገባኝ መስሏት «ቀላል ነው ለማለት ነው» ብላ አስረዳችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ልትቀጥልልኝም ነበር፣ ሌላ ደንበኛ ገባባት እንጂ። ምን ብዬ ልንገራት? ያንን አባባል መጀመሪያ የሰማሁት እዚችው ሞጣ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በመላ ሞጣ ኬክ ያየ ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

ስልኩ እስኪሠራ ደጁ ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ አለ፤ ከታች ባንክ፣ ከላይ የጥርስ ሐኪም ቤት። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያ ቦታ ላይ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ተርታ ደርድረው ይቀመጡ ነበር። ከነሱ ቀጥሎ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ የሐጂ ሰይድ ጨርቅ ሱቅ። ሻይ ቤቱ ራዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ድምፁን ይለቀዋል፤ ሰፊዎቹ በዘፈኑ ምት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ዘፈኑ ቀዝቀዝ ያለ እንደሆነ ሥራውም ይቀዘቅዛል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ብስኩት አምስት ሳንቲም። ልጆች ይህን ስነግራቸው «በየትኛው መንግሥት ነው?» ይሉኛል። እኔ እንጃ! መንግሥቱ ተቀያየረ፣ ብስኩቱ ግን ያው ነበር፤ ደረቅ፣ ከሻይ ጋር ካልሆነ የማይዋጥ። ወጣቶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው በሱሪያቸው ጭቃውን እየጠረጉ ያልፋሉ። እኛ ሴቶቹ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ በላዩ ነጠላ፣ ከታች የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ በፀሐይ ያቃጥላል፣ በዝናብ ያንሸራትታል፤ ቢሆንም ባለ ኮንጎ መሆን ራሱ ኩራት ነበር።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። እናቴ ትንሿን እህቴን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ አረፈችና አባታችን ሦስት ሴቶች ይዘው ቀሩ። አባባ መሪጌታ ነበሩ፤ ድምፃቸው ያማረ፣ ነገር የሚያውቁ፣ ቁጡ ሰው። የበኩር ልጃቸው እኔ ስለነበርኩ ሞጣ ወደምትኖረው እህታቸው፣ ወደ አክስቴ ጥሩዬ ዘንድ ላኩኝ፤ እሷ ልጅ የላትም፣ እኔም እየተላላክኋት እማራለሁ። ጥሩዬ ቅቤ ነጋዴ ናት። ቤቷ ውስጥ ሁሉ ነገር ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ትራሱ፣ ሳንዱቁ፣ ደብተሬ ሳይቀር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ዘይነባ፣ የሐጂ ሰይድ ልጅ፣ «አንች ልጅ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ ትቀልጫለሽ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት የአባባ ዓይን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የመጽሐፉ ፊደል ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የሰው ፊት። ልክ በዚያው ሰሞን ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ በሬው ከበረቱ የተረፈ አንድ ሰው ለልጁ እኔን ሊጠይቅ ሽማግሌ ላከ። አባባን አትፍረዱባቸው፣ እኔም አልፈርድም። «ዓይኔ ሲከደን እነዚህን ሕፃናት ማን ያበላልኛል? ማስተዋል ጥሩ ቤት ብትገባ ለእህቶቿም ይተርፋል» ብለው ነው ያሰቡት። ለሽማግሌዎቹ «ሰኔ ይለቅ፤ ልጅቱን ይዤ መጥቼ መልሱን እሰጣችኋለሁ» አሏቸው። ለእኔ ደግሞ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል መልእክት ላኩ፦ የወላጆች በዓል ዕለት እመጣለሁ፣ ልብስሽን ጠቅልለሽ ጠብቂኝ። ጥሩዬ ይህን ሰምታ «እኔ ምን አገባኝ፣ ልጅ የአባቷ ናት» አለችና ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም። ዘጠነኛ ክፍል የሚባለው ነገር እንደ ውሃ ጠምቶኝ ነበር።

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ቲቸር ገመቹ ይባላሉ። ከወለጋ ተመድበው የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የማይለያቸው ሰው። እሳቸው ያደጉት ጸሎት ቤት እየሄዱ ነው፤ የኛን የጾም ወራት አንዱን ከሌላው አይለዩትም፣ ማንም አላስተማራቸውማ። አንድ ቀን ክፍል ገብተው «እንግሊዞች ሲያወሩ ምግብ ከአፋቸው አይጠፋም» አሉና ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት እየጻፉ ያሳዩናል። ቀላል ሥራ ቁራሽ ኬክ ነው። ማንም ሊይዘው የማይፈልገው ጣጣ ትኩስ ድንች ነው። ምስጢር ያወጣ ሰው ባቄላውን ደፋ ይባላል። ሰው እንዳይቀየመው ተጠንቅቆ የሚያድር በእንቁላል ቅርፊት ላይ ይሄዳል። ትልቅ ባለሥልጣን ትልቁ አይብ ነው። ቢራቢሮ እንኳ በነሱ ቤት የቅቤ ዝንብ ናት። ዘይነባ «ኧረ እነዚህ ሰዎች ዝንባቸውም ጠግባለች!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዲሬክተራችን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትልቁ አይብ» ሆነው ቀሩ።

ቲቸር ገመቹ በሳቃችን አይቆጡም። «የናንተስ?» ይሉናል። እኛ ምን ይገደናል! አንዷ «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ትላለች፤ ሌላው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፤ የቄስ ልጅ የሆነው ደግሞ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ብሎ ቁጭ ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ባቄላ አለቀ ቢሉት ፈስ ቀለለ!» ብሎ ጮኸና ተንጫጫን። ቲቸር ትርጉሙን ቢጠይቁ ቢያስጠይቁ ማን ይንገራቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳያውቁት ቀሩ መሰለኝ። ዛሬማ ሞጣ ኬክ ቤት አላት። ሮዝ ክሬም የተለቀለቀ፣ ስም የተጻፈበት ኬክ በካርቶን ታቅፈው በባጃጅ ሲያልፉ አያለሁ። እኔ ኬክ የቀመስኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ክሬሙ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ አልወርድ ብሎኝ «ይኸ ነው እንዴ ቀላል የተባለው?» ብዬ ለብቻዬ የሳቅኩትን አስታውሳለሁ።

እንግዲህ የወላጆች በዓል ሲደርስ ቲቸር ገመቹ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። እያንዳንዳችን አንድ አባባል እንይዛለን፤ ምግቡን ከቤት እናመጣለን፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ወላጅ በዓይኑ እያየ ልጁ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያስረዳዋል። ለዘይነባ እንቁላሉ ደረሳት። ለእኔ ብሬድዊነር ደረሰኝ። ቃል በቃል ዳቦ አሸናፊ ቢመስልም ወጥቶ ሠርቶ ለቤቱ ዳቦ የሚያስገባ፣ ቤተሰቡ በሱ ትከሻ የሚያድር ሰው ማለት ነው። «ወንድ ብቻ ነው የሚባለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዳቦውን ያስገባ ሁሉ ይባላል፤ ሴትም ትሁን ወንድም» አሉኝ።

ችግሩ በዓሉ የሚውለው በሰኔ ጾም መሆኑ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ለምን አልነገርናቸውም? አስተማሪን ማረም ነውር ነበራ! ደግሞም «ይታያል እንጂ አይበላም» ብለን ተጽናናን። ለብሬድ ኤንድ በተር፣ ማለት ለዕለት መተዳደሪያ፣ ቅቤ ሲፈለግ ከማን ቤት ይምጣ? ከኛ ቤት። ጥሩዬ በጾም የምትሸጠው ለጠጉር ብቻ ነውና፣ ትምህርት ቤቱ ለበዓሉ ሴቶቹን ሊቀባ መስሏት «እሰይ፣ ደግ አሰቡ! ያ ሁሉ ልጅ ጠጉሩ ደርቆ» ብላ አንድ ሳህን ሙሉ ቆልላ ሰጠችኝ። ለኔ ዳቦ ደግሞ ስንዴ አቡክታ በኮባ ድፎ ደፋችልኝ። ከመሄዴ በፊት የምታደርግልኝ የመጨረሻ ነገር ነበር፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም ስለ ዱቄቱ ብቻ አወራን።

በዕለቱ ዝናብ ስላሰጋ ትልቁ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ወላጆች በነጭ ልብስ ግጥም ብለው ሞልተዋል፤ ካህናቱ ፊት፣ የሞጣ ሙስሊም ነጋዴዎች በቀኝ፣ እናቶች ከኋላ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ድንቹ፣ ባቄላው፣ ጨው፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የአይብ ጉብታ፣ ያ የጥሩዬ ቅቤና የኔ ዳቦ ተሰልፈዋል። ቲቸር ገመቹ ኮታቸውን አስተኩሰው ፊታቸው በርቷል። እኔ ግን ዓይኔ በሩ ላይ ነው። አባባ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በመቋሚያቸው እየዳበሱ ገቡ። ከቢቸና በደብረ ወርቅና በግንደወይን በኩል ጭነት መኪና ላይ ሲንገጫገጩ ነው የመጡት። ዓይናቸው ጠረጴዛውን አላየውም፤ አፍንጫቸው ግን አልሳተውም።

«ይኸ ምን ሽታ ነው?» አሉ ቆም ብለው።

«ቅቤ ነው መሪጌታ» አለ አንዱ፣ ዝም ቢል ምን ነበረበት።

«ቅቤ? በሰኔ ጾም? ትምህርት ቤት ውስጥ?»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ታመሰ። ሲገቡ ጠረጴዛውን በትክክል ያላዩት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። «እንቁላልም አለ!» «አይብም!» «ልጆቻችንን ጾም ሊያስገድፉብን ነው!» እናቶች ልጆቻቸውን እየሳቡ ወደ በሩ ይገፋፋሉ። ቲቸር ገመቹ ፊታቸው አመድ መሰለ። «የሚበላ አይደለም! የሚታይ ነው፣ ለማየት ብቻ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ሔዋንም መጀመሪያ ያየችው ነው» አሉ አባባ። ከዚያ ድምፃቸውን ወደ ተማሪዎቹ መለሱት። «ማስተዋል! የት ነሽ? ነጠላሽን ልበሽ። የመጣሁት ልወስድሽ ነው፤ እንዲህ ከሆነማ አንድ ሰዓትም አትቆዪበትም።»

ነጠላዬን አነሣሁ። ጥለቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አላየሁትም። ልክ በዚያ ጊዜ የዘይነባ አባት ሐጂ ሰይድ ከቀኝ በኩል ተነሡ። ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሰው ነበሩ። «መሪጌታ፣ ይቅርታዎን፤ አንዴ ይስሙኝ» አሉ። «እዚህ ቤት ዛሬ ያልጾምን እኛ ነን። እንግዲህ ዕቃው የኛ ነው ማለት ነዋ! ባለቤቱ እያለ ለምን ትጣላላችሁ?» ብለው ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ዘረጉት። «ዘይነባ፣ ነይ እንቁላልሽን አንሽ። አይቡን ወዲህ በይ። ቅቤው ይምጣ።»

ከኋላ አንድ ቀልደኛ «እዚሁ ይቅመሱልን እንጂ ሐጂ!» አላቸው።

«በረመዳን እናንተ በፊቴ ትበላላችሁ? አትበሉም። እኔስ በምን አፌ እበላለሁ?» አሉ ሐጂ ሰይድ ኩታውን እየቋጠሩ። «ቅቤውን ለሐምሌ አምስት አቆይላችኋለሁ፤ ስትፈቱ ኑና ውሰዱ። አይቡን ግን አልዋሻችሁም፣ አይተርፍም።»

አንድ ተማሪ ራሱን መግታት አቅቶት «ትልቁ አይብ ሄደ!» አለና ሁላችንም ዞረን ዲሬክተሩን አየን። ተማሪው ሳቀ፤ ተማሪው ሲስቅ እናቶቹ ሳቁ፤ ለምን እንደሚስቁ ግን አያውቁም። በሩ ላይ የደረሱት ተመለሱ። ቲቸር ገመቹ መጥተው የአባባን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። «መሪጌታ፣ ባለማወቅ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በልጆቹ አይፍረዱባቸው።» አባባ በእጃቸው እየዳበሱ ትከሻቸውን ያዙና ቀና አደረጓቸው። «ተው ልጄ፣ ተነሥ። ባላወቀ ሰው ቂም አይያዝም» አሏቸው። ጸቡ በዚሁ በረደ። እኔ ግን ነጠላዬን ለብሼ እንደቆምኩ ነበርኩ፤ የኔን ነገር ማንም አላነሣውም።

ጠረጴዛው ላይ የቀረው የጾም የጾሙ ነው። አባባ ጠርዙን ይዘው ሲቆሙ እጃቸው ዳቦው ላይ አረፈ። «ይችስ የማን ናት?»

«የኔ ናት አባባ።»

«ቅቤ ነክቷታል?»

«ኧረ ጋሼ!» አለች ጥሩዬ ከኋላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በገዛ እጄ የደፋኋት! ስንዴና ውሃ ናት፣ ጠብታ ቅቤ አልነካትም!»

«እንግዲያ ተናገሪ» አሉኝ። «የአንችን ሳልሰማ ብመለስ መንገዱ ያስቆጨኛል።»

በእንግሊዝኛ የተማርኩትን ሁለት ዓረፍተ ነገር አልኩ፤ ድምፄ የራሴ አይመስልም። በአማርኛም ደገምኩት፤ ቤተሰቡ በሱ ትከሻ የሚያድር፣ ዳቦ የሚያስገባ ሰው። አባባ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«በኛ ቤት ማነው እሱ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ዓይኔ ሲከደንስ?»

የተማርኩት እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልጻፈልኝም። «እኔ እሆናለሁ አባባ» አልኩ። «አሁን ከወሰዱኝ ግን አልሆንም። ባለ በሬዎቹ ቤት ብገባ የምጋግረው ዳቦ የነሱ ነው። ዓለምንና ትንሿን የሚያበላ ዳቦ እዚህ ነው ያለው።» ያንን ሁሉ ሰው ረስቼው ነበር። እህቴ ዓለም አሁን የልጅ ልጅ አይታ እንኳ ይህን ስነግራት «ስሜን በሞጣ ሕዝብ ፊት አስጠራሽው» ብላ ትኮራለች። አባባ ግን «ተቀመጭ» ብቻ አሉኝና እሳቸውም ተቀመጡ፤ በዓሉ ቀጠለ፤ ስለ ትኩስ ድንቹም ስለ ባቄላውም ሰሙ።

ቤት ገባን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮአቸውን በሉ፤ ዳቦውን ጥሩዬ ብታቀርበው «ይቆይ» ብለው አልቆረሱትም። በጠዋት ጭነት መኪናው ያለበት ድረስ ሦስታችንም ሄድን። የልብሴን ጥቅል እኔ ተሸክሜያለሁ፣ ጥሩዬ ዳቦውን ለስንቅ ይዛለች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አባባ «ጥቅሉን አምጭ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። መሬት ላይ አስቀምጠው ቋጠሮውን በጣታቸው እየፈለጉ ፈቱት። ቀሚሴን አወጡና አስታቀፉኝ፤ ሹራቤን ጨመሩበት፤ ዩኒፎርሜን ከላይ አደረጉት። ከዚያ ዳቦውን ከጥሩዬ ተቀብለው ባዶ በቀረው ጨርቅ ውስጥ አስገቡና አጥብቀው ቋጠሩት።

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቆርሼ እሰጣቸዋለሁ» አሉ። «ልጅቱስ የት አለች ቢሉኝ፣ ዳቦዋን አስቀድማ ልካለች፣ እሷ ገና ሥራ ላይ ናት እላቸዋለሁ።»

ሹፌሩና ረዳቱ ደግፈው መኪናው ላይ አወጧቸው። መኪናው ወደ ግንደወይን መንገድ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁ። ማልቀሴን ያወቅሁት ጥሩዬ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ስትጠርገኝ ነው።

«በይ ነይ» አለችኝ፣ «ልብስሽን መልሰን እንስቀል።»